የጋሽ ሄሎ ሙከራ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሄሎ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ መታወቂያው ላይ አይቼዋለሁ። በዚያ ስም ብትጠሩት ግን ዞር ብሎ የሚጠራውን ሰው ይፈልጋል። ሥራው የመኪና ራዲዮና ስልክ መግጠም ነው። ድሮ ካሴት የሚውጡ ራዲዮኖችን ይጠግን ነበር፤ ካሴት ሲቀር ሲዲ ገጠመ፤ ሲዲ ሲቀር ደግሞ ስልክን ከመኪና የሚያገናኙ ስክሪኖች መጡና እነሱን ይዞ ቀረ። እኔ አጠገቡ ያለችው የመኪና ወንበር የምትሰፋዋ ሴትዮ ነኝ። መካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። የእኔ ማሽን ሲንቀጠቀጥ የእሱ ካቻቢቴዎች ከተሰቀሉበት ይወድቃሉ፤ የእሱ ስፒከር ሲጮህ እኔ ስፌት አጣምማለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ስለ እሱ ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ አለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሄሎ ያሰኘው ሥራው ነው። ስልክና መኪና አገናኝቶ ሲጨርስ የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ለሆነ ሰው መደወል። ሹፌሩ የደወለለትን ሰው ድምፅ ቢሰማ ብቻ አይበቃም፤ ያኛው ሰው የሹፌሩን ድምፅ እንዴት እንደሚሰማው መታወቅ አለበት። ይህ ደግሞ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አይታወቅም። ሌላ ጆሮ ይፈልጋል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው ቀጥ ብሎ “ሄሎ! ሄሎ! ድምፄ እንዴት ነው?” ይላል።

ያ ሌላ ጆሮ ልጁ ነበረች። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እናቷ የሞተችው ልጅቷ ፊደል ሳትቆጥር ነው። ጋሽ ሄሎ የሚተዋት ሰው ስላልነበረው ሱቅ ይዟት ይመጣ ነበር፤ የቤት ሥራዋን የደንበኞች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሆና ትሠራለች። እኔ አዲስ ያለበስኩት ወንበር ላይ ብዕር ሰብራ ቀለም ያፈሰሰች ዕለት ከአባቷ ጋር ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። ሙከራ ሲደርስ አንድ ስልክ ያስይዛትና መንገዱን አሻግሮ ያቆማታል። የራሷ ቃላት ነበሯት። ድምፁ ከታፈነ “ጉንፋን ይዞታል” ትላለች፤ ካስተጋባ “በርሜል ውስጥ ነህ” ትላለች፤ ከተስተካከለ ደግሞ “ጥርት!” ብላ ትጮሃለች። ያንን ጩኸት እኔ ያለ ስልክ እሰማው ነበር። ጋሽ ሄሎ ጥርት ሳትለው መኪና ከሱቁ አያስወጣም። ደንበኛ ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አደገች፣ ተማረች፣ ሩቅ ከተማ ሥራ ያዘች፣ እዚያው አገባች። ሙከራው ግን አልቀረም። መኪና በጨረሰ ቁጥር ይደውልላታል። “ድምፄ እንዴት ነው?” “ጉንፋን አለው፣ አባዬ።” ይነካካና እንደገና ይደውላል። “አሁንስ?” “ጥርት።” “በይ ቻው።” ይኸው ነው። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን በላሽ የለ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

“አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ጤናዋን አትጠይቃትም?” እለዋለሁ።

“ድምፅዋን ሰማሁት እኮ። ደህና ናት” ይለኛል።

እውነቱን ነው፤ ከድምፅዋ ጤናዋን ያውቃል። እሷም የእሱን ታውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሁለቱም በዚያው ረክተው ይኖሩ ነበር። ከመኪና ውጭ ግን ደውሎላት አያውቅም። በእግሩ ቆሞ፣ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያወራ ያየሁት ከዕቃ ሻጮች ጋር ብቻ ነው።

ከዚያ ወለደች። ወንድ ልጅ። ዜናውን ባልየው በመልእክት ላከለት። ጋሽ ሄሎ ስልኩን ከነሽቦው ነቅሎ እኔ ጋ ሮጦ መጣ። “አያት ሆንኩ!” አለኝ፤ ያሉት ጥርሶች ሁሉ ታዩ። “ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ደውልላታ!” አልኩት። “እሺ፣ እሺ” ብሎ ወጣ። የት ሄደ መሰላችሁ? አንድ ታክሲ ነጂ ሊሞከርለት የሚጠብቅ መኪና ነበረው፤ እዚያ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሌላ ቦታ ሆኖ ልጁን ማናገር አያውቅማ። እኔም ማሽኔን አቆምኩና ጆሮዬን ጣልኩ።

አነሣች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ፈገግታ አለበት። “አባዬ!” አለች፤ አለችና ጠበቀች። መላው ጋራዥ ጠበቀ ብል አልዋሸሁም፤ ስፒከሮቹ ጥሩ ነበሩ። ጋሽ ሄሎ መሪውን ጨበጠ፣ ቀጥ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና “ሄሎ፣ ድምፄ እንዴት ነው?” አለ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰውየው ሊል የፈለገው እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሁን ሌላ፣ እግዜር ይወቀው፤ ምላሱ የለመደችውን መንገድ ይዛ ሄደች። ልጅቷ፣ “አባዬ፣ ወልጄ ተኝቼ ማይክ ትሞክርብኛለህ?” አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። “ከእንግዲህ የምትለኝ ነገር ሲኖርህ ብቻ ደውል” አለችና ዘጋችው። ተሳፋሪው ወንበር ላይ የነበረው ታክሲ ነጂ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጋሽ ሄሎም ወደ እሱ ዞሮ “የሷ ስልክ ነው እንጂ መኪናው ደህና ነው” አለው። ቅስሙ ተሰብሮ እንኳ ሥራውን ይከላከላል።

ከዚያ ወዲህ አልደወለላትም። እሷም እንደ አባቷ ናት፤ አልደወለችም። የሕፃኑን ፎቶ ባልየው አልፎ አልፎ ይልካል። ጋሽ ሄሎ ፎቶውን የሱቁ ስክሪኖች ሁሉ ላይ ይከፍተዋል፤ ስክሪኑን ሊመርጥ የመጣ ደንበኛ ያንን ወፍራም ሕፃን በየመጠኑ ያየዋል። “የማን ልጅ ነው?” ብለው ሲጠይቁት “የልጄ” ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። አላየውማ፤ ምን ይጨምራል?

አሁን ሌላው ጆሮ እኔ ሆንኩ። ይደውልልኛል፤ እኔ ደግሞ ከጣውላው ወዲህ ነኝ። ድምፁ በግድግዳው ቀድሞ ይደርሰኛል፤ በስልኩ ተከትሎ ይመጣል። “ሁለቴ ነው የምሰማህ፤ የትኛውን ልንገርህ?” እለዋለሁ። ወደ መንገድ ውጪ ይለኛል። ሥራዬን ትቼ እወጣለሁ። “ደህና ነው” እለዋለሁ። “ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ጉንፋን አለው?” ይለኛል። እኔ የቆዳ ሰው ነኝ፤ የድምፅ ጉንፋን በየት በኩል አውቃለሁ? ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን።

አንድ ነገር ደግሞ ይሠራ ጀመር። ሥራ ሲያጣ ከቆሙት መኪናዎች አንዱ ውስጥ ይገባና በሩን ይዘጋል። ስልክ የለም፤ ሞተር የለም። ለብቻው ያወራል። “ልጄ፣ እንዴት ነሽ?” ይላል። ይተወውና እንደገና፣ “ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?” ይላል። ሕፃኑን ልየው ብዬ ነው ይላል። ብመጣ አላስቸግርሽም ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሳቅኩበት። በኋላ ግን አንጀቴን በላው። እኔም ማታ ቤቴ ስገባ መብራት የሚያበራልኝ ሰው የለም፤ ወንዶች ልጆቼ በየአገሩ ናቸው፤ ለብቻ ማውራትን አውቀዋለሁ። ሰው ሊል የሚፈልገውን ለባዶ ወንበር ሲናገር ከመስማት የከፋ ነገር የለም።

አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ሄጄ የመኪናውን መስኮት አንኳኳሁ።

“ለእኔ የምትለውን ለእሷ በላት!”

“ለአንቺ አላልኩም” አለኝ ደንግጦ።

“ግድግዳው ጣውላ ነው፣ አንተ! መጥቼ ሕፃኑን ልየው ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው?”

“ነገሩ አልጠፋኝም፣ ጎረቤት። መጀመሪያው ነው የጠፋኝ። እሷ ሄሎ ስትል እኔ ምን እላለሁ?”

ፊቴን አዙሬ ወደ ማሽኔ ሄድኩ።

የስፖርት መኪናዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። መኪናዋ ከባለቤቷ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ሁለት በር ያላት፣ ቀይ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለች ዝቅተኛ መኪና ናት፤ ሰው የሚገባባት ሳይሆን የሚለብሳት ነገር። እኔ የሹፌሩን ወንበር እንድሰፋ፣ ጋሽ ሄሎ ደግሞ ስልክ እንዲያስገባላት ተቀበልን። “ካርታ ይታየኝ፣ ሙዚቃ ይምጣልኝ፣ ስልክ ላውራባት” አለች፤ “ግን ዳሽቦርዷ እንዳይቆረጥብኝ፣ ጋሼ። አንዲት ቀዳዳ እንዳትጨምርባት።” ጋሽ ሄሎ መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ተንበርክኮ አየ፣ ጀርባው ላይ ተኝቶ ከመሪው ሥር አየ። “የሰው ጥርስ ሳይቦረቡር የሚሞላ ሐኪም አለ?” አላት። ሳቀች። “ይኖራል፤ ቀስ ካለ” አለችው። በዚህ ተግባቡ።

ቀስ አለ። የራዲዮዋ ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ዛሬ የሚመጣው ስክሪን ደግሞ ትሪ ያህላል። የድሮውን ራዲዮ ፊቱን እንዳለ ትቶ ሆዱን አወጣ። የአዲሱን መሣሪያ ሳጥን ከተሳፋሪው በኩል ካለው የዳሽቦርድ ኪስ ጀርባ ደበቀው። ትንሽ ስክሪን አገኘና የሲጋራ መተርኮሻው ቦታ ላይ፣ ሲፈለግ ብቅ፣ ሳይፈለግ ጥልቅ እንዲል አድርጎ ሠራው። ሽቦዎቿ ግን የሰው ኃጢአት ናቸው፤ በየዘመኑ የነካካት ሠሪ ሁሉ ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ናስትሮ ጠቅልሎባት አልፏል። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ስፒከሮቹ አብረው ያፏጩ ነበር። ያንን ፉጨት ለማጥፋት ማሳ የሚሉትን የመሬት ሽቦ የሚያስርበት ንጹሕ ብረት እስኪያገኝ ቀለም እየፋቀ ቀናት ፈጀ። ፉጨቱ የጠፋ ዕለት ግድግዳውን በጡጫ መታልኝ። ደስታውን የሚነግረው ሌላ ሰው የለም። እኔም በመቀስ እጀታ መታሁለት።

ሐኪሟ ወሰደቻትና በማግስቱ መልሳ አመጣቻት። “ሁሉ ነገር ሸጋ ነው፣ ጋሼ” አለች፤ “ግን አውራ ጎዳና ላይ ስወጣ ሰዎች አይሰሙኝም። ‘ጉድጓድ ገብተሽ ነው ወይ?’ ይሉኛል።” ጋሽ ሄሎ ፊቱ ጠቆረ። በሥራ ዘመኑ መኪና ተመልሶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ለምን እንደተመለሰ እሱም እኔም አውቀናል፤ ጥርት የሚል ሰው ሳይሰማው ነው የለቀቃት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ሁለታችንም ሌላ ሌላውን አወራን።

ለማይኩ እንደ አዲስ ቦታ መፈለግ ነበረበት፤ ያውም በፍጥነት እየነዱ። “አንቺ አብረሽኝ ነይ” አለኝ። “እኔ እነዳለሁ፤ አንቺ ማይኩን ከቦታ ቦታ ትለጥፊዋለሽ።” በቀትር ወጣን። እንዴት እንደገባሁ አትጠይቁኝ። ጉልበቴ አገጬ ሥር ደርሶ ነበር። የማይኩ ሽቦ በጭኔ ላይ አልፎ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ወዳለው ሳጥን ይገባል፤ በእጄ ናስትሮ ይዣለሁ። ከከተማ ወጣንና መንገዱ ሲለቀቅ ጋሽ ሄሎ ማርሹን ጨመረ። ሞተሩ አጓራ። ዛፎቹ ተንደረደሩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚነዳ ሰው መሆኑን በዚህ ሁሉ ዓመት አላወቅኩም ነበር።

መጀመሪያ ለሰፈራችን ጎሚስታ ደወልን። ጎማ መንፊያው እላዩ ላይ እያንባረቀ ነው ያነሣው። “ድምፄ እንዴት ነው?” አለ ጋሽ ሄሎ። “ይሰማል! ይሰማል!” ብሎ ጮኸ ጎሚስታው። ማይኩን በእጄ ጨብጬ ሸፈንኩትና “ጠይቀው” አልኩ። ጠየቀው። “ይሰማል! ይሰማል!” አለ። ዘጋንበት።

“በል ለልጅህ ደውል” አልኩት።

“የምትለኝ ነገር ሲኖርህ ነው ያለችኝ።”

“ታዲያ የለህም? በየሰዉ መኪና እየገባህ ስትለፈልፍ የምትውለው የማንን ነገር ነው?”

ነዳ። ብዙ ነዳ። እኔም ማይኩን ከፀሐይ መከላከያው ጫፍ ላይ ልለጥፈው ሽቦውን ሳብኩ፤ አጠረኝ፤ ሳብ አደረግኩት። መጨረሻ ላይ፣ “ስነዳ ይቀለኝ ይሆናል” አለ፤ “ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው።” ስክሪኑን ነካ። የልጅቷ ስም ወጣ። ጠራ።

“ሄሎ?” አለች።

ፈጠን ብሎ ገባ፤ ቆም ካለ እንደሚጠፋበት ያውቃል። “አትመልሽልኝ፤ ልጨርስ” አለ። “ያን ቀን ልልሽ የነበረው ያንን አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሲለኝ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እናትሽ ነበረች የምትለው። ቤቱ ጭር ብሏል። ሱቁም ጭር ብሏል። መኪና ጨርሼ ለማን እንደምደውል አላውቅም። ልጅሽን ልየው። ልምጣና ልየው። አላስቸግርሽም፤ ወንበር ላይ እተኛለሁ።”

በመካከሉ እሷ “ሄሎ? … ሄሎ?” ትላለች። የምታቋርጠው መስሎት “ቆይ፣ ልጨርስ” እያለ ቀጠለ። ሲጨርስ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። መኪናዋን ወደ መንገዱ ዳር አወጣና አቆመ፤ ሞተሩ እየሠራ ነው።

“ምንም አይሰማም፣ አባዬ” አለች ልጅቷ። በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ድምፅዋ ዙሪያችንን ሞላው። “ጭራሽ ድዳ ነው። ማይኩን እየው።”

አልተቆጣችም። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ለባልዋ ስታወራ ሰማናት። “አባቴ ነው። መኪና እየሞከረ ነው። አይ፣ አትዝጋው፤ እስኪያስተካክል ክፍት ተወው።” የስልኩን ድምፅ ከፍታ የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው፤ ቀጭ አለ።

አልዘጋችውም። ተቀምጠን ሰማን። ውሃ ይቀዳል። የሆነ ክዳን ይወድቃል። ባልየው “እሱን ፎጣ አቀብዪኝ” ይላል፤ እሷ “ደረቱን ጥረግለት” ትላለች። ከዚያ ሕፃኑ መጣ። አለቀሰም፣ ሳቀም አይባል፤ ዝም ብሎ ለራሱ ያወራል፤ ባ ባ ባ ይላል። ጋሽ ሄሎ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለ። በሩ ላይ ያለው ስፒከር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን እላዩ ላይ አደረገው። የልጅ ልጁን ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እኔ የት ልግባ? መኪናዋ ለአንድ ሰው ልቅሶ እንኳ አትበቃም።

“ትልቅ ነው ድምፁ” አለኝ በሹክሹክታ፤ የማይሰሙትን ሰዎች ላለመረበሽ።

“ትልቅ ነው” አልኩ።

እንዲያ ብንቆይ እንቆይ ነበር። ነዳጁ እስኪያልቅ እንቆይ ነበር። ግን ቀና ሲል ዓይኑ ጉልበቴ አጠገብ አረፈ። የማይኩ መሰኪያ ከሳጥኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ እኔ ሽቦውን ስስብ ነው የወጣው። እሱ ደግሞ የወጣ ሽቦ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነው። አላሰበበትም። ልብ የሚባለው ነገር ከማወቁ በፊት እጁ ሄዳ ሰካችው። ቀጭ።

“እሰይ! መጣ መጣ!” አለች ልጅቷ ከሩቅ፤ ሮጣ መጥታ ስልኩን አነሣች። “አሁን ሞተሩ ሁሉ ይሰማል። ጥርት ብሏል፣ አባዬ! ጎበዝ። በል ሕፃኑ ገላውን እየታጠበ ነው፣ ቻው።”

ዘጋችው።

ጋሽ ሄሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ስክሪኑ ወደ ካርታው ተመለሰ፤ እኛን በመንገድ ዳር እንደቆመች ሰማያዊ ነጥብ አሳየን። ሞተሩን አጠፋ።

“በል እንደገና ደውል” አልኩት።

“ጥርት ብሏል አለች እኮ። ተሳካ።”

“ምኑ ነው የተሳካው?! አንተ ሰውዬ አታናደኝ! የተናገርከውን አንዲት ቃል አልሰማችም። እኔ ነኝ የሰማሁት፤ እኔ ደግሞ ምን ላደርግልህ እችላለሁ? ደውል!”

“በዚህ አልደውልም” አለ፤ መኪናዋን ማለቱ ነው። “በዚህ ከደወልኩ ማይክ ነው የሚመስላት።”

ወረደ። ስልኩን ከመኪናዋ ነጠለውና ከመንገዱ ራቅ ብሎ ሄዶ ደረቅ ሣር ላይ ቆመ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ነፃ የሆነች እጁን የሚያደርግባት ቦታ አጥቶ አንዴ ኪሱ ይከታታል፣ አንዴ ማጅራቱን ያሻል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ አልከፈትኩትም። በሕይወቴ የሰው ወሬ ላለመስማት የተጠነቀቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥቂት አወራ። ብዙ አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ራሱን ነቀነቀ፤ ‘አይደለም’ እንደሚል ሰው። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ጥቂት አየውና ተመለሰ።

ገብቶ በሩን ዘጋ። ቁልፉን አልነካም።

“ምን አለችህ?”

“‘አሁን ደግሞ የምን መኪና ነው?’ አለችኝ።”

“እሺ?”

“መኪና ውስጥ አይደለሁም፤ ወርጄ ነው የምደውልልሽ አልኳት።”

“ጥሩ ብለሃል! ከዚያስ?”

“‘ማን ሞተ?’ አለችኝ።”

አንድ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ የእኛዋን ናጣት።

“ማንም አልሞተም አልኳት” አለ ጋሽ ሄሎ። “‘አባዬ፣ አትደብቀኝ’ አለች። እንዲሁ ነው አልኳት፤ ልጅሽ ናፍቆኝ ነው፣ አንቺም ናፍቀሽኝ ነው አልኳት። ይኼኔ አለቀሰች። ‘ታመሃል ማለት ነው’ አለች። ‘ሐኪም ምን አለህ?’ አለች። በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ ብላለች፤ ሕፃኑንም ይዛ።”

“እልልታ ነው እኮ!” አልኩ፤ ትከሻውን መታሁት። “ትመጣለች! ሕፃኑም ይመጣል! ሌላ ምን ፈለግክ?”

ዞሮ አየኝ። እንዲህ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

“የምትመጣው ልታስታምመኝ ነው፣ ጎረቤት። መጥታ ደህና ቆሜ ስታየኝ፣ ‘ታዲያ ምን ሆነህ ነው?’ ስትለኝ ምን እላታለሁ?”

“አሁን ያልካትን ነዋ! ናፍቃችሁኝ ነው በላት።”

“እሱንማ ነገርኳት” አለኝ። “አላመነችኝም።”